ሳይቀመስ የተሸጠው ቅጠል

ሥራ የጀመርኩ ዕለት እትዬ አልማዝ ሦስት ደረቅ ቅጠል መዳፌ ላይ አስቀመጡና «ዓይንሽን አትመኚ። ምላስሽ ላይ አድርጊና ትፊው» አሉኝ። ሞያሌ ገበያ የባህል መድኃኒት ሲሸጡ የኖሩ፣ ቁጡ ሴት ነበሩ። አዲስ ጆንያ ሲፈታ ሻጯ ገዢው ፊት ትቀምሳለች፤ ደንባቸው ይህ ነው።

ጤና አዳም ለሆድ ቁርጠት፣ ዳማከሴ ለምች፣ ግራዋ ለጋን ማጠቢያ እያሉ አስተማሩኝ። አስተናግር የሚባለው የመንገድ ዳር አረም መርዝ ነው፤ ደርቆ ሲሰባበር ከሌላው ቅጠል አይለይም፣ በምሬቱ ግን ይታወቃል።

በጾም ወራት እትዬ አልማዝ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት መደባቸውን አይከፍቱም ነበር። ለጸሎት ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ሲያርፉ መደቡ ለእኔ ቀረ፤ እኔ ግን በጾምም በጠዋት እከፍት ጀመር።

አንድ የሁዳዴ ጠዋት ጉዮ የሚባል የጎልቦ ቆላ ግመል አርቢ መጣ።

«ማማ ብርቄ፣ ሀቲ ማና፣ ሚስቴን ምች መታት። ሀራካ፣ ቶሎ ስጪኝ፣ ቦዳቦዳው ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል።»

ከድንበሩ ማዶ የመጣ አዲስ የዳማከሴ ጆንያ ፈታሁ። ቅጠሉን ወደ አፌ አስጠግቼ መለስኩት። ሽታው በቂ ነው ብዬ ቋጠርኩለት።

«አትቀምሺም?» አለኝ።

«ጾም ነኝ።»

ሙስሊም ነውና ጾም ያከብራል። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነኝና ሄደ።

በማግስቱ የተረፈውን ቅጠል ይዞ ተመለሰ። ሚስቱ አፍልታ ከጠጣች በኋላ አፏ ደርቆ፣ ዓይኗ ፈጦ፣ ልጆቿንም መለየት አቅቷት ሆስፒታል ገብታለች። ሐኪሟ የጠጣችው ምን እንደሆነ ጠይቃለች።

ያን ዕለትም ጾም ነበርኩ። ግን ቀመስኩት። ዳማከሴው መሀል አስተናግር ነበረበት።

ከጉዮ ጋር በቦዳቦዳው ሄድኩ። ለሐኪሟ «አስተናግር ነው። የሸጥኩት እኔ ነኝ» አልኳት። እንዲያ ያፈርኩበት ቀን የለም።

በሦስተኛው ቀን ሴትዮዋ ባሏን በስሙ ጠራችው። ጉዮ አልከሰሰኝም፣ አልተሳደበም። «ጾምሽን አክብሬ ነው ዝም ያልኩት» አለኝ። ከዚያ ወዲህ መደቤ ደርሶ አያውቅም።

ጆንያውን ማንያታ በሚባለው ሰፈሬ፣ ከቤቴ ጀርባ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት። እትዬ አልማዝ በጾም ለምን እንደማይከፍቱ የገባኝ አፈሩን ስመልስ ነው።

አሁን በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት መደቤ ዝግ ነው። ለታመመ ሰው የሚሰጥ ቅጠል ይቀመሳል፤ መቅመስ የማትችል ሻጭ ቤቷ ትዋል።