አባቴ ያቃናው እርከን

ባለፈው ሳምንት ከወልቂጤ ወደ ጉብሬ ስሄድ የባጃጁ ሹፌር አንድ ጆንያ እግሬ ሥር አስቀመጠ። "ይቅርታ እህቴ፣ የሰው አደራ ነው" አለኝ። የጆንያው አፍ አልታሰረም። ውስጡ ገና ከመሬት የተነቀለ ደሾ ሳር ነበር፤ ሥሩ ላይ እርጥብ አፈር ተጣብቋል። መንገዱ ባጃጁን ባነጠረው ቁጥር የአፈሩና የሳሩ ሽታ ተቀላቅሎ ወደ ፊቴ ይመጣል። መውረጃዬን አልፌው ሄድኩ።

ሽታው ወደ ቤታችን ዳገት መልሶኝ ነበር። ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን መስቃን ውስጥ ነው፤ ከቡታጅራ በእግር ሽቅብ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያስኬዳል። ከቤቱ ጀርባ እንሰታችን፣ ከእንሰቱ በላይ ደግሞ አንገት ቀና አድርገው የሚያዩት ዳገት አለ። በዳገቱ ላይ ጎርፍ የቆፈረው አንድ ቦረቦር ወርዶ ነበር። ልጅ ሳለሁ እየዘለልኩ የምሻገረው ነገር፣ አሥረኛ ክፍል ስደርስ ላም ብትገባበት ቀንዷ የማይታይ ገደል ሆነ። ክረምት በመጣ ቁጥር ወደ እኛ ይጠጋል።

በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ የመጣ ጎርፍ ከጓሯችን ዳር አራት እንሰት ገንድሶ ወሰደ። እንሰት እንደ ጎመን በየዓመቱ የሚተካ አይደለም። አራቱም ስድስት ሰባት ዓመት የተጠበቁ ነበሩ። በማግሥቱ ጠዋት እናቴ የቦረቦሩ አፋፍ ላይ ቆማ ቁልቁል አየች። አላለቀሰችም። "እንግዲህ የቀረው ቤቱ ነው" አለች ብቻ።

በጋ ሲገባ ለቀበሌያችን አዲስ የግብርና ልማት ሠራተኛ ተመደበች። ከኮሌጅ ከወጣች ብዙም ያልቆየች፣ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ነበረች። ያደገችው ወልቂጤ፣ ፕሮቴስታንት ቤት ውስጥ ነው፤ በራችን ላይ ስትደርስ ግን "አሰላሙ አለይኩም" ማለትን አትረሳም። አባቴ ለዚህ ብቻ እንኳ ይወዳት ነበር።

"አባባ፣ ጎርፉ ታች ከደረሰ በኋላ ማንም አያቆመውም" አለችው። "ላይ ሳለ፣ ገና ትንሽ ሳለ ነው መያዝ ያለበት።"

ዳገቱን በእርከን ለመቀየስ ሦስት ሰው ያስፈልጋል። እናቴና እኔ ሁለት ዘንጎች ይዘን ራቅ ራቅ ብለን እንቆማለን፤ በመካከላችን ገመድ ይወጠራል፤ ገመዱ መሃል ላይ ትንሽ የግንበኛ ውሃ ልክ ይንጠለጠላል። ሠራተኛዋ የውሃ ልኩን አረፋ እያየች "ወደ ላይ... ትንሽ... በቃ!" ትለናለች። እዚያ ላይ ችካል እንተክላለን። በሦስተኛው ቀን ቦታ ቀየረችኝና አረፋውን እኔ እንዳይ አደረገች። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አልተሳሳትኩም። "ዓይንሽ ጎበዝ ነው" አለችኝ። ስለ ዓይኔ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። ማታ እራት ስበላ እንኳ ፈገግ እል ነበር።

አባቴ ግን ችካሎቹን ሲያይ ሳቀ።

"ይሄ መስመር ነው ወይስ እባብ የሄደበት?"

"አባ፣ ውሃ ልኩ ነው እንዲህ ያደረገው።"

"እኔ ይሄን ያህል ዘመን ሳርስ ቀጥ ያለ ነገር ጠፍቶኝ አያውቅም።"

ሴትየዋ ለሥራ ወደ ሌላ ጎጥ በሄደችበት ሳምንት ቁፋሮው ተጀመረ። ከላይኛው እርከን አንድ ቦታ ላይ መሬቱ ረባዳ ስለሆነ መስመሩ ወደ ላይ ይታጠፋል። አባቴ እዚያ ሲደርስ ስድስት ችካል ነቅሎ ቀጥ አድርጎ ተከላቸው።

"አባ፣ እዚህ ጋ ውሃው ይጠራቀማል" አልኩት።

"አንቺ ደብተርሽን ያዢ።"

ነደደኝ። ስትመለስ ልነግራት አስቤ ተውኩት። አባቴን በሰው ፊት ማሳጣት አልሆነልኝም።

የበልጉ የመጀመሪያ ከባድ ዝናብ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነበር። አባቴ ላስቲክ ለብሶ፣ ዶማውን ይዞ ወደ ዳገቱ ወጣ። ተከተልኩት። የቆፈርናቸው ቦዮች አንድ በአንድ በደፈረሰ ውሃ ይሞላሉ፤ ይሞሉና እዚያው ይቆማሉ። ያንን ዳገት ውሃ ሳይወርድበት አይቼው አላውቅም። ልቤ በደስታ ሊወጣ ደረሰ። ከዚያ ግን ከግራም ከቀኝም ያለው ውሃ ወደ ረባዳው ሲሄድ አየሁ። አባቴ ያቃናው ቦታ ላይ ሞላ፣ በላዩ ፈሰሰ፣ የአፈር ክትሩም ተናደ።

አባቴ የተናደው ቦታ ላይ ገብቶ ቆመ። እኔ ድንጋይ አቀብለዋለሁ፤ እናቴ አፈር የሞላ ጆንያ እየጎተተች መጣች። አሁን ሳስበው፣ ከጎርፉ ይልቅ ያስፈራኝ አባቴ ቀና ብሎ ሲያየኝ ምን እንደምለው አለማወቄ ነበር። አላህ ይስጣት፣ ያመለጠንን ውሃ ከታች ቀጥሎ ያለችው እርከን ያዘችው። በችካላችን ልክ የተቆፈረች ነበረች። አንዲት እንሰት አልተነካችም።

ዝናቡ አባራ። አባቴ እስከ ቅንድቡ ጭቃ ለብሶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ፊቱን በእጁ ጠርጎ፣ "ችካሉ የት ነበር?" አለኝ።

አሳየሁት።

"በይ ገመድሽን አምጪ።"

በማግሥቱ ጠዋት አንዱን ዘንግ እሱ ያዘ፣ ሌላውን እናቴ።

"አሁንስ?"

"ትንሽ ወደ ላይ፣ አባ።"

"አሁንስ?"

"በቃ!"

የልማት ሠራተኛዋ ስትመጣ እኔ አፌን ሳልከፍት፣ "ይቺን ያበላሸኋት እኔ ነኝ፤ ልጅቷ ነግራኝ ነበር" አላት። ሰኔ ላይ በየእርከኑ ጫፍ ደሾ ሳር ተከልን። ጣቶቻችን ለሳምንታት ያንን አፈር ይሸቱ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ዳገቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ቦረቦሩም ከግርጌው ጀምሮ በደለል ይሞላ ገባ። እናቴ ጫፉ ላይ አዳዲስ እንሰት ተከለች።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ጉብሬ መኖር ጀመርኩ። አባቴ ስልክ አይወድም። ከደወለም ይጮሃል፤ ሰላም ብሎ ወዲያው ይዘጋል። ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ፣ የካቲት ላይ፣ ሰማዩ ጠብታ ከነሳን ወራት አልፈው ሳለ፣ ቀትር ላይ ደወለ።

"ደህና ነሽ? እርከናችን ያስቀረው ውሃ ከቦረቦሩ ሥር ምንጭ ሆኖ ወጣ። ዝም ብለሽ ስሚ" አለኝ።

ድምፁ ራቀ። መጀመሪያ ንፋስ ብቻ ተሰማኝ። ቀጥሎ የአባቴ ጉልበት ሲንቋቋ፣ ጎንበስ ሲል። ከዚያ ድንጋይ ላይ የምትወርድ ቀጭን ውሃ፣ ያለማቋረጥ።

"ሰማሽ?"

"ሰማሁ፣ አባ።"

"በይ ደህና ዋይ" ብሎ ዘጋው።