«ልንገርሽ» ያለችኝ ተማሪ

ይህን ለሚስቴም ለነፍስ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይህቺን እየዘለልኩ ሃያ ምናምን ዓመት ኖርኩ። እናንተ አታውቁኝም፤ ለዚያ ይሆናል ለእናንተ መናገር የቀለለኝ።

ባምባሲ ያለችበት ክልል ገና አዲስ ነበር፤ እኔም ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ አዲስ መምህር። ባምባሲ አቅራቢያ አምስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር። ግማሾቹ ተማሪዎች ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ልጆች፣ ግማሾቹ የአገሬው የበርታ ልጆች ናቸው። ከሰዓት በኋላ የጣሪያው ቆርቆሮ ሲግል ሁሉም ያንቀላፋል፤ ከሐዋ በቀር። ሐዋ የበርታ ልጅ ናት፤ አማርኛ የለመደችው እዚያው ትምህርት ቤት ነው። ጥያቄዬን ሳልጨርስ እጇን ታወጣለች።

አንድ ቀን እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ እኔ ልንገርሽ?» አለችኝ።

በሰው ቋንቋ ማን ያልተሳሳተ አለ? እኔ ራሴ እስከ ዛሬ የበርታን ሰላምታ እንኳ አስተካክዬ አልመልስም። ታዲያ ምን አደረግሁ? ነጠላ እንደምታጣፋ ሴት ትከሻዬን ነካክቼ፣ ድምፄን አቅጥኜ፣ «ንገሪኝ፣ እህቴ!» አልኳት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ያንቀላፋው ሁሉ ነቃ።

ደስ አለኝ። ልደብቃችሁ አልችልም፣ በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ክፍሉ በደነዘዘ ቁጥር ሐዋን አስነሳ ጀመር። አውቄ ነው። የምፈልገው መልሷን ሳይሆን ስሕተቷን ነበር። ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ አየና «ተማሪዎችን የማነቃቃት ችሎታው የሚመሰገን ነው» ብሎ ጻፈልኝ። ሜዳ ላይ ስሟ «ልንገርሽ» ሆነ። ውሎ አድሮ እጇን ማውጣት ተወች፤ ሳስነሳትም ቆማ ዝም ትል ነበር።

አባቷ ሊጠይቀኝ መጣ። ገበሬ ነው። አዲሱ ክልል ለየቢሮው የአካባቢውን ልጆች ይፈልጋል ሲባል ሰምቶ፣ ልጄ ጸሐፊ ትሆናለች ብሎ ነበር ያስተማራት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «መምህር፣ ሐዋ ምን ሆነ? እቤት አይናገርም። ጥፋት ካለ ንገሪኝ» አለኝ።

ያን ጊዜ የሚስቅ አልነበረም። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ማለት ስንት ቃል ነው? ሦስት። እኔ ግን ስሜ እንዳይጎድፍ ፈራሁና፣ «ሰንፋለች» አልኩት።

«መምህር አይዋሽም፣ ወላሂ» ብሎ አመስግኖኝ ሄደ። ከዚያ ሳምንት በኋላ ሐዋ ትምህርት ቤት አልመጣችም።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእኔ ግን ወለምታ አልነበረም፤ አስቤ የተናገርኩት ነው። ሳቁን ልጅነት ነው እንበል፤ ውሸቱንስ ምን እንበለው?

አምና ባምባሲ ገበያ ማንጎ ልገዛ ጎንበስ ስል፣ ሻጯ ቀና አለች። ሐዋ ናት። አወቀችኝ። ዋጋውን ጠየቅኋት። አጠገቧ የተቀመጠች ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጇ፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ «እናቴ አማርኛ አትችልም፤ ለእኔ ይንገሩኝ» አለችኝ።

ሐዋ ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። «እናትሽ ከክፍሉ ሁሉ ቀድማ በአማርኛ ትመልስ ነበር» ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው «አንድ ኪሎ» ብቻ ነው።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታው በእናንተ እጅ አይደለም፤ በሐዋ እጅ ነው፤ እሷን ደግሞ ፊት ለፊቷ ቆሜ ሳልጠይቃት ማንጎዬን ይዤ ሄድኩ።