ሰው አልጭንም

የታሰርኩት በስብሰባ ላይ ባነበብኩት ግጥም ነው። ክልሉ ገና አዲስ ነበር፤ ቢሮዎቹ ወንበር ሳይሟላላቸው እስር ቤቱ ሥራ ጀምሯል። ባሮ ዳር ያለ የቆርቆሮ መጋዘን ነው። ወለሉ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ ሙቀቱ ከጣሪያው ወርዶ ትከሻ ላይ ይቀመጣል።

በሩ አጠገብ ያገኘሁት ሰው የአንድ ኃላፊ ሹፌር ነበር። መኪናዋን ከነኃላፊው ቦይ ውስጥ ከቷታል። የኃላፊው ክንድ ተሰበረ፤ ክሱ የግድያ ሙከራ ሆነ።

"ማን ላከህ ይሉኛል" አለኝ። "የሚጥል በሽታ ነው፣ መሪ እንደያዝኩ ጣለኝ ብላቸው ሳቁ።"

"ቀድሞ ታውቅ ነበር?"

"በልጅነቴ ነበረብኝ። የተወኝ መስሎኝ።"

አንድ ቀን ምሳ ሲታደል እዚያው ጣለው። የአፉ አረፋ ይጋባል ብለው ሁሉም ግድግዳ ላይ ተለጠፉ። ዘበኛው ሮጦ ገብቶ ክብሪት ጫረና ጭሱን አፍንጫው ሥር ያዘለት። እኔ ሸሚዜን አጥፌ ከጭንቅላቱ ሥር አደረግኩ።

ሲነቃ "አሁንማ በዓይናቸው አዩ፣ ይፈቱሃል" አልኩት።

"ሸናሁ እንዴ?" ብቻ ነው ያለው።

በማግስቱ ወደ አቦቦ እስር ቤት ልንዛወር ግቢው ውስጥ ተሰለፍን። የጭነት መኪናው ቆሟል፤ የእስር ቤቱን ሹፌር ግን ወባ ጥሎታል። አዛዡ በግድያ ሙከራ ወዳሰረው ሰው መጥቶ የመኪናውን ቁልፍ ዘረጋለት።

"እነዚህን አድርስና በዚያው ወደ ቤትህ።"

"አለቃ፣ ትናንት ሲጥለኝ ዘበኛው አይቷል።"

"ዛሬ ደህና ነህ።"

"የዚያን ቀንም ጠዋት ደህና ነበርኩ።"

"አንተ ሰውዬ፣ ንዳና ውጣ!" አለው ከኋላዬ አንዱ እስረኛ። "እኛ ብንሞት ማን ይጠይቅሃል?"

ዞሮ አየን፤ የእያንዳንዳችንን ፊት። ከዚያ ቁልፉን ተቀበለና በሁለት እጁ፣ በአክብሮት፣ መልሶ ለአዛዡ ሰጠው።

"ሰው አልጭንም።"

አቦቦ በእግር ሄድን። በዚያ ፀሐይ የሚሰድቡት ብዙ ነበሩ። እሱ ከፊት ከፊት ይሄድ ነበር። እኔ ስፈታ እሱ እዚያው ቀረ።

አሁን ስለዚያ ግጥም ጀግና የሚሉኝ ሰዎች ያጋጥሙኛል። እኔን እኮ እንደሱ በሩን ከፍቶ ይህን አድርግና ውጣ ያለኝ ሰው አልነበረም።