ሁሉንም ይዞ የሚሄድ ፕሮግራም

አባቴ አምበር በምትባል ትንሽ ከተማ ዕድሜውን ሙሉ አስተምሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ስትሮክ ሲመታው ቀኝ እጁና አንደበቱ አብረው ተያዙ። የምንለውን ሁሉ ይሰማል፤ ሊመልስ ሲል ግን ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ ዓይኑ እንባ ያቀራል።

እኔ ደብረ ማርቆስ ሶፍትዌር እሠራለሁ። ትርፍ ጊዜዬን እየተጠቀምኩ አንድ ትንሽ ፕሮግራም አዘጋጀሁለት። ስክሪኑ ላይ ሥዕሎች አሉ፤ አንዱን ሲጫን ድምፅ ይናገርለታል። ቃላቱን በራሱ ድምፅ የቀዳው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ በስልክ የሚሰማው ሰው ሁሉ አባቴ ይመስለዋል።

ቅዳሜ በሚኒባስ አምበር ሄጄ የአባቴ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጫንኩት። አልተከፈተም። የድምፅ ላይብረሪው የለም የሚል መልእክት ብቻ መጣ። ፕሮግራሙን የሠራሁት በዳይናሚክ መንገድ ነበር፤ ድምፅ የሚያጫውተውን ክፍል፣ ላይብረሪውን፣ ራሱ አይዝም፣ ሲከፈት ከኮምፒውተሩ ፈልጎ ይጠቀማል። የእኔ ኮምፒውተር ላይ ስለነበረ ልብ አላልኩትም። እንዳላወርደው ደግሞ ኔትወርክ ጠፍቷል።

አባቴ በግራ እጁ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። እናቴ ምን እንደጎደለ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

«ታዲያ እዚህ ይኖራል ብለሽ ከምትመጪ ለምን ይዘሽለት አልመጣሽም?» አለች።

መሥሪያ ቤት ለዳይናሚክ የምከራከረው እኔ ነበርኩ፤ ፋይሉ ትንሽ ነው፣ አንዱን ላይብረሪ ብዙ ፕሮግራሞች ይጋሩታል፣ ስህተት ሲገኝ እሱን ብቻ መቀየር ይበቃል እያልኩ። ሰኞ ግን በስታቲክ መንገድ እንደገና ሠራሁት። የሚያስፈልገው ሁሉ አንድ ፋይል ውስጥ ገባ፤ ፋይሉም ብዙ እጥፍ አደገ።

በሳምንቱ ተመልሼ ስከፍተው ተከፈተ። አባቴ የውሃውን ሥዕል ይጫናል ብዬ ስጠብቅ ጣቱ ስክሪኑ ላይ ተንከራተተና የእናቴ ፎቶ ላይ አረፈ።

«ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ» አለ ላፕቶፑ።

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። እሱ እንደገና ተጫነው። መቀመጧን ነገረችው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጫነው ሁለቱም ሳቁ።

አሁን ጥቂት ቃላት በራሱ አፍ ይወጡለታል። ላይብረሪው ውስጥ ስህተት በተገኘ ቁጥር፣ አዲስ ቃል በጨመርኩም ቁጥር፣ ፕሮግራሙን ሙሉውን እንደገና ሠርቼ በፍላሽ ይዤለት እሄዳለሁ። ባልደረቦቼ ድካም ነው ይሉኛል። ባለፈው ቅዳሜ በግራ እጁ ጽፎ ያዘዘኝ አዲስ ቃል «ዝም በሉ፣ ዜና ልስማበት» የሚል ነበር፤ እናቴና እኔ ወሬ ስናበዛ ሊጫነው ነው።