ወለሉ ላይ የነበረው ወደብ

የወሰዱኝ ከሥራ ላይ ነው። ግድግዳ እየገነባሁ ነበር፤ እጄ ላይ ያለው ሲሚንቶ ሳይደርቅ መኪና ላይ ወጣሁ። የሚፈልጉት የቤቱን ባለቤት ነበር። እሱን ሲያጡት ቤቱን የምንሠራውን ይዘው ሄዱ። "ልታጠብ" ብላቸው አንዱ "እዚያ ትታጠባለህ" አለኝ። ሲሚንቶው እጄ ላይ ደረቀና ተሰነጣጠቀ። እስር ቤት ክፍል ውስጥ ሆኜ እሱን ስልጥ ነበር የምውለው።

በሩ ሲከፈት ያየሁት ሰዎቹን አይደለም፣ ወለሉን ነው። ሙያ ነው፣ ምን ላድርግ። ሲሚንቶው እንደ ነገሩ ተደፍቶ የደረቀ፣ አንዱ ጋ ያበጠ፣ አንዱ ጋ የሰረጎደ፣ መሐሉን ደግሞ ሳይደርቅ ሰው ረግጦት የሄደ ነው።

"ይሄን ማነው የሠራው? ውሃ ልክ የሚባል ነገር አያውቅም እንዴ?" አልኩ ጮክ ብዬ። ውሃ ልክ ማለት ወለል ቀጥ ማለቱን የምናይበት መሣሪያ ነው፤ ውስጡ ያለችው አረፋ መሐል ላይ ካልቆመች ሥራው ሥራ አልሆነም።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

"ሌላው ሰው ሲገባ መስኮቱን ነው የሚያየው" አለ ካቦው። ካቦ የምንለው የክፍሉን አለቃ ነው፤ ራሱም እስረኛ ነው፣ የመኝታ ቦታ ይደለድላል። የኛው ሽማግሌ ነጋዴ ነበር። "ና እስቲ አንተ ግንበኛ፣ እዚህ ጉድጓዱ ላይ ተኛና ሙላልን!"

ጎኔ የሚተኛው ሰው የባሕር ኃይል መርከበኛ ነበር። አጭር፣ ጠይም፣ ድምፁ ዝቅ ያለ። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለው ነበር። የያዙት በጀልባ ሊጠፋ ነበር ብለው ነው። ስለ ክሱ ብዙ አያወራም። የሚያወራው ስለ ምጽዋ ነው። እኔ የደጋ ሰው ነኝ፣ ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ደስ እያለኝ እሰማው ነበር፣ ስለ ድንጋይ እስኪያነሳ ድረስ።

"ቤቶቹ በምንድነው የተሠሩት?" አልኩት አንድ ቀን።

"በባሕር ድንጋይ።"

"ባሕር ዳር ያለ ድንጋይ ማለትህ ነው።"

"አይደለም። ከውሃው ውስጥ እየተቆረጠ የሚወጣ። ሕይወት የነበረው ድንጋይ ነው። ስትሰብረው ውስጡ ዛጎል አለ፣ አበባ የመሰለ ነገር አለ። ቱርክ ቤቱንም ምሽጉንም የሠራው በሱ ነው።"

"ጋሼ፣ ሕይወት የነበረው ድንጋይ የለም።"

"አለ።"

"ሲሚንቶ አይዘውም።"

"በኖራ ነው የሚያያዘው።"

"ይፈርሳል።"

"ስንት መቶ ዓመት ቆሟል እኮ አንተ ሰው!"

"ይፈርሳል" አልኩ። በዚህ ነገር ቀን በቀን ተጨቃጨቅን። ካቦው "ወይ አፍርሱት ወይ ገንቡትና ገብተን እንረፍ" ይለን ነበር።

ክፍሉ የሚታጠብበት ቀን ሲሆን ባልዲ ውሃ ይገባልናል። ምንጣፋችንን ጠቅልለን፣ በባዶ እግራችን ግድግዳውን ታክከን እንቆማለን። አንድ ቀን ውሃውን የምደፋው እኔ ሆንኩ። ደፋሁት። ውሃው የጎደለውን እየፈለገ ሄደ፤ ያበጠውን ዞረ፣ የሰረጎደው ውስጥ ገብቶ ተኛ። ከመስኮቷ የምትገባው ፀሐይ መጣችና ላዩ ላይ አረፈች።

"ማንም እንዳይነቃነቅ" አለ መርከበኛው።

የምር የታዘዝን መስሎን ሁላችንም ቀጥ አልን።

"ይሄ ምጽዋ ነው።"

ቁጢጥ ብሎ፣ ውሃውን ሳይነካ በጣቱ እየጠቆመ ነገረን። ያቺ ሳትረጥብ የቀረችው እብጠት ደሴቲቱ ነች፤ አሮጌው ከተማ እሷ ላይ ነው። ከኋላዋ ያለችው ሁለተኛዋ ደሴት፣ ጥዋለት ነች። በሁለቱ መሐል የሄደችው ቀጭን ደረቅ መስመር በባሕሩ ላይ በድንጋይ የተሠራው መንገድ ነው፣ የግብጾች ሥራ። በወዲህ በኩል እንደ ክንድ የታጠፈው ገራር የሚባለው የየብስ ጫፍ ነው። ክንዱና ደሴቲቱ አቅፈው የያዙት ውሃ፣ እሱ ነው ወደቡ።

"ማንም አልቆፈረውም" አለ። "እግዜር ሠርቶ የሰጠው ነው። ውጭ ባሕሩ ሲያብድ፣ እዚህ ውስጥ መርከብ እንደ ሕፃን ይተኛል። ጥልቅ ነው ደግሞ። ትልቁ መርከብ የባሕሩን ወለል ሳይነካ እስከ ከተማው ደጃፍ ይመጣል።"

"ባሕር ወለል አለው እንዴ?" አልኩት።

"አለው እንጂ።"

"ማነው የለሰነው?"

ካቦው ሳይቀር ሳቀ። "ይሄን የለሰነው ሰውዬ ይሆናላ!" አለ አንዱ ከጥግ።

ሳቁ በረደ። ውሃው ላይ ያረፈችው ብርሃን ተንጸባርቃ ጣሪያው ላይ ትንቀጠቀጥ ነበር። ቆርቆሮው ባሕር መሰለ። የመርከበኛው ድምፅ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ ነበር የሚሰማኝ። ነጫጭ ቤቶች። የእንጨት ሰገነት ያላቸው፣ መስኮታቸው እንደ ወንፊት የተበሳሳ። ሙቀቱ ሲበዛ ሰው ሁሉ አልጋውን አውጥቶ ደጅ ይተኛል አለን። ደጅ መተኛት! እኛ ቦታ ስለማይበቃን በጎናችን ነው የምንተኛው፣ አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም ይገላበጣል። አጠገቤ የቆመው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ሲልስ አየሁት። ጨው ጨው ብሎት ይሆናል። እኔም እግሬ ሥር ውሃው ቀዘቀዘኝ። ክፍሉ ቀስ ብሎ የሚንሳፈፍ፣ አንድ ሰው ከውጭ ገመዳችንን የፈታው መሰለኝ።

"ታዲያ ይሄን የመሰለ ቦታ ማን ያዘው?" አለ ካቦው።

"ሁሉም ይዞታል" አለ መርከበኛው። "ቱርክ መጣ፣ በድንጋይ አጠረው። ግብጽ መጣ፣ ምሽግ ጨመረበት። ጣሊያን መጣ፣ አፉ ላይ መድፍ ተከለ። ጠላት የሚገባው በዚህ ነዋ።" ወደ በሩ አቅጣጫ የሚከፈተውን ጠባቡን ውሃ አሳየን። "ሁሉም አፉን ሲጠብቁ ኖሩ። ሁሉም በዚያው አፍ ወጥተው ሄዱ። ወደቡ ግን ይኸው አለ።"

ቀና ስል በበሩ ቀዳዳ ዓይን አየሁ።

በማግስቱ የተጠራሁት እኔ ነኝ። መርማሪው የኔ እኩያ ቢሆን ነው። ሸሚዙ በደንብ ተተኩሷል።

"መርከበኛው የምሽግ ካርታ ሠርቶ፣ ጠላት በየት በኩል እንደሚገባ ሲያስተምራችሁ ነበር። ልክ ነው?"

"ካርታ አላየሁም ጓድ።"

"ወለሉ ላይ።"

"ወለሉ ላይ የነበረው ውሃ ነው።"

ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስማ፣ አንተ ምንም የለብህም። ሠርተህ የምትበላ ሰው ነህ። 'አዎ፣ ካርታ ነው' በልና ነገ ሄደህ ግድግዳህን ትጨርሳለህ።"

ያቺ ቃል ምን እንደምታመጣ አውቃለሁ። ካርታ ከተባለ መርከበኛው ወደዚያኛው ቦታ ይወሰዳል። ወደዚያ ከሄዱት የተመለሰ አላየንም፤ የአንዱን ጫማ ብቻ ለሚስቱ እንደሰጧት ሰምተናል። ግድግዳዬም ትዝ አለኝ። ሳልሸፍነው ነው የመጣሁት፣ ዝናብ ቢመታው አይረባም። እውነቱን ልናገር፣ ስለ ግድግዳው ትንሽ አሰብኩ።

"ጓድ፣ እሱ ካርታ አይደለም" አልኩ። "መጥፎ ሥራ ነው።"

"ምን?"

"ወለሉ ውሃ ልክ አልጠበቀም። ውሃ ሲደፋበት እንደዚያ ነው የሚሆነው። ማንም አልሣለውም።"

ጀግና ሆኜ አይደለም። የተበላሸን ወለል ካርታ ነው ማለት አፌ እምቢ አለኝ። ሲነዘንዙኝ ደግሞ የባሰ እምቢ እላለሁ፣ ልጅ ሆኜም እንዲሁ ነበርኩ።

ተናዶ እየገፈተረ ወደ ክፍሉ መለሰኝና ባልዲ አስመጣ። "ድፋ!" አለኝ። ደፋሁ። ውሃው ሄደ፣ ዞረ፣ ተኛ። ምጽዋ መጣች። መርከበኛው ግድግዳውን ተደግፎ ጣሪያውን ያያል።

"ይሄ ምንድነው?" አለ መርማሪው፣ ደሴቲቱን በጫማው ጫፍ እየነካ።

"እብጠት ነው።"

"ይሄስ?"

"ሳይደርቅ ረግጠውታል። የሰው እግር ነው።"

"ይሄ ቀጭኑስ?"

"ስንጥቅ ነው፣ ሲደፍኑት ከፍ አድርገውታል።"

"ማነው እንደዚህ አድርጎ የሠራው?"

"መንግሥት ነዋ" አልኩ።

ጥግ ላይ አንዱ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረ፣ አልሆነለትም። መርማሪው በጥፊ አጮለኝ። ጥፊው ብዙም አላመመኝም፤ ቀጥሎ የተናገረው ነው ያመመኝ።

"ነገ ሲሚንቶ ይመጣልሃል። አንተው ራስህ ታስተካክለዋለህ። ሁለተኛ እዚህ ወለል ላይ ምንም እንዳላይ።"

በሩ ሲዘጋ መርከበኛው አጠገቤ ተቀመጠ። አመሰግናለሁ አላለኝም።

"ስንጥቅ ነው አልከው? የግብጽን መንገድ?"

"ምን ልበለው ታዲያ?"

"የለም፣ ጥሩ ብለሃል።" ጉድጓዱን እያየ "ነገ ድፈነው" አለኝ። "ሥራህ አይደል። ለጎናችንም ይሻላል።" ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በማግስቱ አሸዋ፣ ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ፣ አንድ ጣውላና የግንበኛ ማንኪያ አመጡልኝ። እጄ ማንኪያ ሲይዝ ደስ አለው፣ አልዋሽም። ከበሩ ጀመርኩ። አንድ ጣት በሚበቃው ቦታ ላይ ሁለት ጣት አወፈርኩት። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ቢያየኝ ያብድ ነበር። ካቦው ከላዬ ቆሞ ያያል።

"እንደዚህ እያወፈርከው ይበቃሃል እንዴ?"

"አይበቃም" አልኩት።

አየኝ። ወደ ጥግ የቀረውንም አየ። ከዚያ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ።

ወደቡ ጋ ስደርስ ሲሚንቶው አለቀ። ዘበኛው "ይሄስ?" አለኝ። "አለቀ፣ ይምጣልኝና ልጨርስ" አልኩት። ለእስረኛ ሁለተኛ ሲሚንቶ የሚጠይቅ ማን አለ። መርማሪው መጥቶ ከበሩ ሆኖ አየ። ከበሩ የሚታየው የተለሰነው ነው። እሺ በሚል ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

እንደገና የእጥበት ቀን ሲደርስ ውሃውን ደፋን። አዲሱ ወለል ላይ አንሸራቶ ሄደና ሁሉም ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ዙሪያው ከፍ ስላለ ወደቡ ከበፊቱ ጠልቋል። ከአፉ በቀር ሁሉ ነገሩ ተከብቧል። መርከበኛው ቆሞ አየው። ከዚያ እኔን አየኝ።

"አጠርከው" አለኝ። "እንደ ቱርክ አጠርከው እኮ።"

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ አንድ ከሰዓት በኋላ "ዕቃህን ይዘህ ውጣ" አሉት። ይህች ቃል ወደ ቤትም ትሆናለች፣ ወደ ሌላም ትሆናለች። ብርድ ልብሱን አጣጠፈ። ወለሉ ደረቅ ነበር፣ ቀጥ ብሎ ወደ በሩ መሄድ ይችል ነበር። አልሄደም። ዘበኛው "ቶሎ በል!" እያለው፣ የሌለውን ውሃ ሳይረግጥ፣ ደሴቲቱን ዞሮ በአፉ በኩል ወጣ። ማናችንም አልሳቅንም።

በሩ ላይ ዞር አለ። "አንተ ግንበኛ፣ ድንጋዩ አይፈርስም" አለኝ።

"ይፈርሳል" አልኩት።

ሳቀና ሄደ። የት እንደወሰዱት እስከዛሬ አላወቅኩም። እኔንም በኋላ፣ እንዳመጡኝ ሁሉ ያለምንም ነገር ለቀቁኝ።

አሁን ኦሃዮ ውስጥ ኮሎምበስ ከተማ ነው ያለሁት፣ ሂልቶፕ የሚባል ሰፈር፣ ልጄ ቤት። እሷ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ትሠራለች። ባለፈው በጋ አፖይንትመንት ኖሮኝ መሐል ከተማ ይዛኝ ሄደች። መኪናዋን ፓርክ እስክታደርግ የግዛቱ ምክር ቤት ትልቅ ሕንፃ ጋ ጠበቅኳት። ድንጋዩን በእጄ ዳበስኩት፣ ይሄ ልማዴ ነው። ጣቴን አንድ ነገር ያዘው። ጎንበስ ብዬ ባይ ዛጎል ነው። ከሱ አለፍ ብሎ ደግሞ እንደ አበባ የተከፈተ ነገር፣ ድንጋዩ ውስጥ።

ከዚህ ከተማ ግማሽ ቀን ብትነዳ ባሕር አታገኝም። ልጄ ስትመጣ አሳየኋት። ስልኳ ላይ ፈለገችና "አባዬ፣ ድሮ ድሮ ኦሃዮ ባሕር ነበር ነው የሚለው" አለችኝ።

ግድግዳውን ወደ ላይ አየሁት። ቀጥ ብሎ ቆሟል።

"እሺ ጋሼ፣ አይፈርስም" አልኩ።

"ማንን ነው የምታናግረው?" አለች።

የልጄ ድራይቭዌይ፣ መኪናዋን ከመንገድ ወደ ቤት የምታስገባበት፣ ኮንክሪቱ ሰርጉዷል። ዝናብ ሲጥል ውሃ ይተኛበታል። ባለፈው ሳምንት "ኮንትራክተሩን ኮል አድርጌዋለሁ፣ መጥቶ ሌቭል ያደርገዋል" አለችኝ።

"አያደርገውም" አልኩ።

"አባዬ! ጠማማ ወለል የማትወደው አንተ አይደለህ እንዴ?"

"አልወድም።"

"ታዲያ?"

"ሲሚንቶ አይበቃም በይው።"

ምክንያቱን አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳትም፤ ይኸው አሁን ነው የምጽፈው። ኮንትራክተሩን ግን ካንስል አደረገችው።

ትናንት ዘንቦ ነበር። በረንዳው ላይ ወንበሬን አውጥቼ ተቀምጫለሁ። ልጄ ከሥራ መጣች። መኪናዋን መንገድ ዳር አቆመች፣ ጫማዋን አየች፣ ከዚያ ውሃውን ዞራ በጠባቡ በኩል፣ በአፉ ገባች።