የሚያሳርፍ ቤት

በሕፃናት ጥበቃ ቢሮ «ታላቋ» ይሏታል። በዕድሜ አይደለም፤ ከእሷ በፊት የተቀጠሩት ሁሉ ለቀው ስለሄዱ ነው። ደንቡ ዲግሪ ይጠይቃል፣ ዲግሪ ያላቸውም ይመጣሉ። ሥራውን ለምደው እጃቸው ሲፈታ ግን ባንኩም የእርዳታ ድርጅቱም በእጥፍ ደመወዝ ይወስዳቸዋል፤ የያዟቸው ቤተሰቦች ለታላቋ ይተላለፋሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ የሦስት ሰው ሸክም በእሷ ትከሻ ላይ ተከመረ። አውቶቡስ ነጂው ባሏ «እንግዳዬ» ነው የሚላት፣ ቤት ስለማትገኝ።

«እኔ ከልክ በላይ ከጫንኩ ትራፊክ ይቀጣኛል» አላት አንድ ቀን ጠዋት ልትወጣ ስትል። «አንቺን የጫነሽን ሰውዬ ማን ይቅጣልኝ?»

«እሱንም የጫነው አለ።»

«ደመወዝሽስ? እህትሽ ሱቅ ስልክ የምትሸጠው ልጅ ትበልጥሻለች እኮ።»

«እሷ ስልክ ትሸጣለች፤ እኔ ምን ልሽጥ?» ብላው ወጣች።

ሥራ ሲበዛ የሚደክመው እግር ይመስለናል፤ ቀድሞ የሚደክመው ግን ዐይን ነው። ታላቋ ለጉብኝት ስትወጣ ስድብና ጩኸት በማይጠፋባቸው ቤቶች መካከል አንድ ንጹሕ ቤት ጣል ታደርጋለች። እናቷ የሞተችባት የሰባት ዓመት ልጅ ከአጎቷና ከሚስቱ ጋር የምትኖርበት ቤት እንዲህ ያለ ነበር። ወለሉ ያበራል፣ ሶፋው ይመቻል፣ የአጎትየው ሚስት ሻይ ታቀርባለች። ልጅቷ አልጋዋን ታሳያለች፤ ታላቋም «ደህና ናት» ብላ ጽፋ ትወጣለች። ልትጠይቅ ሳይሆን ልታርፍ ትሄድ እንደነበር ለራሷም ተናግራ አታውቅም።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ልጅቷ እንደ ወትሮው አልጋዋን እያሳየቻት ሳለ ሰማዩ ጠቆረና ክፍሉ ጨለመ።

«እስቲ መብራቱን አብሪልን፣ እሙዬ» አለች ታላቋ፣ የሻይ ብርጭቆዋን እንደያዘች።

ልጅቷ በበሩ አጠገብ ግድግዳውን ዳበሰች። ከመጋረጃው ኋላም ዳበሰች። ከዚያ ቆም ብላ የአጎቷን ሚስት አየች።

«ከአልጋው ራስጌ ነዋ» አለች ሴትዮዋ እየሳቀች። «ልጅ አይደለች እንዴ? ትረሳለች።»

ታላቋ ብርጭቆውን አስቀመጠች። «እሺ፣ ማታ ስትተኚ የምታጠፊውን አብሪልኝ።»

ልጅቷ ከክፍሉ ወጣች። ኮሪደሩን እስከ መጨረሻው ሄዳ ልብስ ማጠቢያው ጓዳ ገባችና፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታይ እጇን አንሥታ አበራችው። ከሳፋው ጀርባ ስስ ፍራሽ ተጠቅልሎ ቆሟል።

«ሞቅ ይላል ብላ ራሷ ናት የመረጠችው» አለች የአጎትየው ሚስት።

ታላቋ ደጅ ወጥታ ለአለቃዋ ደወለችና ያየችውን ነገረችው።

«የሕፃናት ማቆያው ሞልቷል፣ እህቴ» አላት። «እስከ ሰኞ ትቆይ። እስከ ዛሬስ ኖራ የለ?»

«እስከ ዛሬ አላየሁም። አሁን አይቼ ጥያት ከሄድኩ ግን እዚያ ያስተኛኋት እኔ ነኝ።»

 «በእናቷ በኩል ወገን የላትም? ሰው ካለ ዛሬውኑ ውሰጃት» አላት አለቃዋ።

ታላቋ ይህን ጠይቃ አታውቅም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ተመልሳ ከልጅቷ ፊት ቁጢጥ አለችና ጠየቀቻት።

«ልብስ ሰፊዋ አክስቴ አለች» አለች ልጅቷ። «በር ድረስ ትመጣና ትመለሳለች።»

«እሷ እኮ ያላት አንድ ክፍል ብቻ ነው» አለች የአጎትየው ሚስት።

«አንድ ይበቃቸዋል» አለች ታላቋ፣ የልጅቷን እጅ ይዛ እየወጣች።

ልብስ ሰፊዋ በሩን ስትከፍት አልደነገጠችም። ልጅቷን ወደ ጉያዋ ሳብ አድርጋ ታላቋን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«የሕፃናት ጥበቃዋ አንቺ ነሽ እንዴ? ቢሮሽ ስመላለስ ከረምኩ እኮ። መስክ ወጥታለች፣ መስክ ወጥታለች ይሉኛል።»

«እውነታቸውን ነው» አለች ታላቋ። «ወጥቼ ነበር።»

ሴትዮዋ ከወንበሩ ላይ የተቆረጠ ጨርቅ አንሥታ ቦታ ሰጠቻት። ታላቋ ሳይመሽ የምታያቸው ሌሎች ሁለት ቤቶች ነበሩባት። ልጅቷ በልታ እስክትጠግብ ተቀመጠች፤ መሸባት።

በማግስቱ አለቃዋ ስለ ልጅቷ ምንም ሳያነሣ ስለ ሁለቱ ቤቶች ጠየቃት።

«አልደረስኩም።»

«ታዲያ ማን ደረሰላቸው?»

ታላቋ ቦርሳዋን ይዛ ወደ ሁለቱ ቤቶች ወጣች።