ባለፀጉሮቹና የብስኩት ጣሳው

ካርቲየ 5 በሚባለው የወደብ ከተማችን ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ አንድ የብስኩት ጣሳ ነበር። ብስኩቱን በልተን ከጨረስን ዓመታት አልፈዋል፤ ጣሳው ግን አንድም ቀን ባዶ ሆኖ አያውቅም። የሰፈሩ ሰው ሐኪም ያዘዘለትን እንክብል ሻል እስኪለው ድረስ ይውጥና የተረፈውን ለእናቴ ያመጣል። ሌላው ሲያመው መጥቶ ይወስዳል። ጎረቤታችን የነበሩት አሮጊት የሞቱ ጊዜ ልጆቻቸው ከለቅሶው በኋላ መድኃኒታቸውን በፌስታል ጠቅልለው አመጡልን። እናቴ "አላህ ይማራቸው" ብላ ጣሳው ውስጥ ጨመረችው።

እኔ ደግሞ የሕክምና ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ። ከቁስል የተወሰደ ናሙና ሳህን ላይ ዘርቼ ምን እንደበቀለና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው አያለሁ። በሥራ ሰዓት ላገኘሁት ሕመምተኛ ሁሉ "መድኃኒትህን ጨርስ" እላለሁ፤ ቤት ስገባ ከጣሳው ሥር ተቀምጬ ሩዜን እበላለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ።

እናቴ ጨርቅ ነጋዴ ናት። ባቡሩ ከቆመ ወዲህ ድንበር አሻግራ ወደ ድሬዳዋ የምትልከውን በጭነት መኪና ታስጭናለች። አንድ ቀን ስታስጭን ቦንዳው የታሰረበት ስስ ብረት የእግሯን አውራ ጣት ቆረጣት። ስኳር ስላለባት ቁስሉ አልድን አለ። ሐኪም የአሥር ቀን እንክብል አዘዘላት፤ በአምስተኛው ቀን "ተሽሎኛል" ብላ የቀረውን ጣሳው ውስጥ ከተተችው። በዚያው ሰሞን እኔን ጉሮሮዬን ያመኝ፣ ያስለኝም ነበር። አውጥቼ ዋጥኩት። የማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ምንም አልጠየቅኩም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጣቷ ጠቆረ። ሐኪሙ "የሚሠራ መድኃኒት ካላገኘን እግሯን እንቆርጣለን" አለኝ። ናሙናውን ራሴ ዘራሁት።

በማግሥቱ የበቀለውን አለቃዬ በማይክሮስኮፕ አየችው። ፈረንሳይ የተማረች፣ ወሬ የማትወድ ሴት ናት። "ይሄ በፀጉሩ ነው የሚሄደው" አለችና ወረቀት ላይ ሣለችልኝ። ፀጉሩ ከመቅጠኑ የተነሳ በእኛ ማይክሮስኮፕ አይታይም። ባክቴሪያው ፀጉሩን ወደ ፊት ይወረውራል፣ ያገኘውን ነገር ይይዛል፣ ከዚያ መልሶ ይሰበስበዋል፤ ሰውነቱ እየተጎተተ ይከተላል። እግር የለውም፣ ግን ይደርሳል። በዚያው ዓይነት ፀጉር ከሞተ ጎረቤቱ የወጣ ዲኤንኤ አጥምዶ ወደ ውስጡ ይስባል። ሟቹ መድኃኒት የሚቋቋምበት ዘዴ ከነበረው፣ ዘዴው አሁን የወራሹ ሊሆን ይችላል።

"የእናቴ ባክቴሪያ ዘዴውን ከየት አምጥቶት ይሆን?" አልኳት።

"እሱን ማንም አይነግርህም" አለችኝ።

አዲስ ሳህን ላይ ዘርቼ በተለያየ መድኃኒት የተነከሩ ስምንት ክብ ወረቀቶች አስቀመጥኩበት። መድኃኒቱ ከሠራ በወረቀቱ ዙሪያ ምንም አይበቅልም። በነጋታው ሳየው ሰባቱ ወረቀቶች ዙሪያቸው በቅሎባቸዋል፤ እናቴ የጀመረችውና እኔ የጨረስኩትም ከሰባቱ አንዱ ነው። የስምንተኛው ዙሪያ ብቻ ንጹሕ ነበር። በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ነው።

መርፌው እግሯን አተረፈላት። አውራ ጣቷ ግን ተቆረጠ።

ሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ስለ ባለፀጉሮቹ ነገርኳት።

"ፀጉር አላቸው?"

"አላቸው።"

"ታዲያ አይሸፋፈኑም?"

የሞተ ጎረቤታቸውን እንደሚወርሱ ስነግራት ግን፣ "እነሱም ጣሳ አላቸው በለኛ" አለች።

"እማ፣ ያንን ጣሳ እንጣለው።"

"ጣለው አቦ! ማን ያዘህ?" አለችና በፋሻ የተጠቀለለ እግሯን ማየት ጀመረች። "ያን ጊዜ ያቋረጥኩት ተሽሎኝ አይደለም። ስትስል ሰምቼ ነው። በእጄ ብሰጥህ እምቢ ትላለህ፤ ጣሳው ውስጥ ካገኘኸው ትወስዳለህ ብዬ ነው።"

ብርድ ልብሱን እግሯ ላይ ሳብኩላት።

"ለመሆኑ ጉሮሮህ ዳነልህ?"

"ዳነ፣ እማ።"

"አልሐምዱሊላህ" አለች፤ ፊቷ በራ። የጉንፋን ጉሮሮ ያለ መድኃኒትም እንደሚድን አልነገርኳትም።